ሊቀ ምናብ ጌታው ዘር ሲቆጥሩ

በየሕንጻው አንድ ሰው አይጠፋም፤ ውኃ ቢቋረጥ፣ ሊፍት ቢቆም፣ ልጅ ፈተና ቢወድቅ፣ "መጀመሪያ በሐሳብህ አስተካክለው" የሚል። ይህ ሰው የሌለበት ሕንጻ ካለ ገና ተሠርቶ አላለቀም ማለት ነው። ሥራው ማሰብ እንዳይመስላችሁ። ማሰብማ ሁላችንም እንደየአቅማችን እንሞክራለን። የእሱ ሥራ መሳል ነው። ያልመጣውን አውቶቡስ ይሳፈራል፣ ያልተጠበሰውን ዓሣ አጥንት ይለቅማል፣ ካልተጣላው ሰው ጋር ይታረቃል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ደግሞ ብቻውን አይሆንም፤ ጎረቤቱን ይዞ ነው የሚሄደው።

በወደብ ከተማዋ በአሽዶድ፣ ሮቫ ቴት ቫቭ በሚባለው ሰፈር፣ መለሰ ሰጠኝ በሚኖርበት ሕንጻ ይህን ታላቅ ሥልጣን የያዙት አያ ጌታው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ እሳቸው ከመለሰ ጋር በአንድ ፎቅ፣ በር ለበር ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን በወደቡ፣ መርከብ ላይ የወጣ ኮንቴይነር በብረት ሲያስሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላ ለሽማግሌዎች በሰፈሩ የባህል ማዕከል፣ በማትናሱ ውስጥ፣ አንድ ትምህርት ተከፈተ። ስሙ "ዲምዮን ሙድራኽ" ነው፤ "የሚመራ ምናብ" እንደ ማለት። ድምፅዋ ለስለስ ያለ አንዲት ሴት ዓይን ታስጨፍንና ሰውን በሐሳቡ ወንዝ ዳር ትወስደዋለች፤ የፈራውን ነገር እዚያው በሐሳቡ እንዲጋፈጠው፣ የሚመኘውን ራሱን እንዲያየው ታደርጋለች። ሌሎቹ ጡረተኞች የሚሄዱት ለቀዝቃዛው አየርና ለብስኩቱ ነበር። አያ ጌታውም የሄዱት ለብስኩቱ ነው፤ የተመለሱት ግን ተሹመው ነው። ትምህርቱ ሳያልቅ መምህሯን ማረም ጀምረው ነበር፤ "ወንዙን ትንሽ ሰፋ አድርጊው፣ ሕዝቡ ተጨናነቀ" እያሉ።

"ሊቀ ምናብ" የሚለውን ማዕረግ የሰጠቻቸው የመለሰ ሚስት ሹላሚት ናት። ለማሾፍ ነበር የሰጠቻቸው፤ እሳቸው ግን አመስግነው ተቀበሉ።

ሊቀ ምናብ ጌታው መፈክር አላቸው። "ዓይንህን ጨፈን አድርጋት እስቲ!" ይላሉ። በደረጃ ላይ ይላሉ፣ በገበያ መሐል ይላሉ፣ ከሁሉ የባሰው ደግሞ በመኪና ውስጥ ይላሉ። አንድ ቀን መለሰ ወደ ገበያ ሲወስዳቸው መኪና ማቆሚያ አጣ።

"አትፈልግ፤ ፈልጎ ያገኘ የለም" አሉት። "ዓይንህን ጨፈን አድርጋት እስቲ።"

"እየነዳሁ'ኮ ነው አያ ጌታው!"

"እንግዲያው እኔ ልጨፍንልህ።" ጨፈኑለት። "ታየችኝ! ነጭ መኪና ናት፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ልትወጣ መብራቷን አብርታለች።"

መድኃኒት ቤቱን ዞሩት፣ ዞሩት። ነጭ መኪና የለችም። በመጨረሻ ሌላ ሰፈር አቁመው ሽንኩርቱን ተሸክመው በእግራቸው ሲመለሱ መለሰ አጉረመረመ። አያ ጌታው ግን አልተበገሩም። "ልትወጣ ነበር'ኮ፤ አንተ ስትነጫነጭ ሰምታ ነው የቀረችው" አሉት።

ስኳራቸው ከፍ ሲል በኩፓት ሖሊሙ ክሊኒክ ያለችው የአመጋገብ ባለሙያ ቡሬካስ ከለከለቻቸው። ደስ ብሏቸው ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ቡሬካስ የሚበሉት በሐሳባቸው ብቻ እንደሆነ፣ ትኩሱን፣ ድንች ያለበትን፣ ሰሊጡ የተነሰነሰበትን እንደሚመርጡ ለሕንጻው ሁሉ ነገሩ። በሚቀጥለው ምርመራ ስኳሩ ጭራሽ ብሶ ተገኘ። ባለሙያዋ፣ "ታዲያ ይህ ከየት መጣ?" ብትላቸው፣ "ሐሳቤ ብርቱ ስለሆነ ነው" ብለዋት ወጡ።

ስፖርትም ይሠራሉ። ባሕሩ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እስከ ወደቡ በር ድረስ ሮጠው ይመለሳሉ። ላባቸው ግን የእውነት ነው። "ዛሬስ ጉልበቴን ያዘኝ፣ በመኪናህ አድርሰኝ" ይሉታል መለሰን። ስልክ ኩባንያም ሲደውሉ፣ ወረፋው እስኪደርስ ክርክሩን በሐሳባቸው ጨርሰው፣ ረትተው፣ ይቅርታም ተጠይቀው ስለሚያበቁ፣ ሠራተኛዋ "ምን ልርዳዎት?" ስትል "ግድ የለም ልጄ፣ ተስማምተናል" ብለው ይዘጉታል።

ፍትሕ ግን ለሁሉም ነውና፣ አንድ ጊዜ ነገሩ እንደሠራ መካድ አይቻልም። ሊፍቱ በሰዎች ተሞልቶ በሁለት ፎቅ መካከል ቆመ። ከመለሰ በላይ የሚኖሩት እትዬ ብዙአለም ጠባብ ቦታ ስለማይወዱ መጮህ ጀመሩ። አያ ጌታው ሁሉንም ዓይን አስጨፈኑና ወንዝ ዳር ወሰዷቸው፤ ጫማ አስወለቋቸው፣ ውኃ ውስጥ አስገቧቸው፣ ወደ ማዶ ያሻግሯቸው ጀመር። ጠጋኙ መጥቶ በሩን ቢከፍት እትዬ ብዙአለም እጃቸውን አንሥተው "ቆይ! ገና አልተሻገርንም!" አሉት። ሰውየው በሩን መልሶ ሊዘጋው ምንም አልቀረውም።

እንግዲህ ወደ መለሰ እንምጣ፤ የዚህ ሁሉ መከራ የወደቀው በእሱ ላይ ነውና።

መለሰ በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና በአንድ መጋዘን ማልገዛ፣ ዕቃ ማንሻ መኪና፣ ይነዳል። በሹካዋ ሙሉ ጭነት ከሰው ራስ በላይ ሲያነሣ እጁ ንቅንቅ አይልም። ሰው ዞሮ ካየው ግን አለቀ፤ ምላሱ ትታሰራለች። በልጁ በኤላይ ባር ሚጽቫ፣ በአሥራ ሦስተኛ ዓመት በዓሉ ላይ፣ ንግግር እንዲያደርግ ማይክ ሰጡት። "እ..." አለና መለሰው። ዘፈን የሚያጫውተው ልጅ ምልክት መስሎት ሙዚቃውን ለቀቀ፤ ሰው ሁሉ እስክስታ ወረደ። እስከ ዛሬም በአሽዶድ የተደረገ ምርጥ ንግግር ነው እየተባለ ይወራል። መለሰ ግን ያን ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቶ ፊቱን እየታጠበ እንዳለቀሰ የምታውቀው ሹላሚት ብቻ ናት።

አሁን ኤላይ አድጎ፣ ያዕል የምትባል ነርስ ወድዶ፣ ሊያገባ ነው። የያዕል አባት አቶ ራሕሚም በየለቅሶውና በየእርቁ ተፈላጊ፣ ቁጡ ናቸው የሚባሉ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ይላክባቸው ሲባል እንዲህ የሚል መልስ ላኩ፦ "ሽማግሌዎቹ ይምጡ፤ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ቀድሞ የሚናገረው የልጁ አባት ይሁን። የሚዛመደኝን ሰው ድምፅ ልስማ።"

መለሰ ይህን ከሰማ ጀምሮ እህል አልወርድ አለው። ልጁ በእሱ አፍ ምክንያት ሚስት ሊያጣ ነው። ቀጠሮው ለሚመጣው ሳምንት ተያዘ፤ ጢማቸው ያማረ፣ ንግግራቸው የተመዘነ ሽማግሌዎች ተመረጡ። አያ ጌታው በር ለበር እየኖሩ አልተመረጡም። መለሰ ስማቸውን ቢያነሣ ሹላሚት ሳቀችበት። "እሳቸውን? የልጅቱን አባት ዓይን ሊያስጨፍኑት?" አለች።

እውነቱን ለመናገር አያ ጌታውን ማንም፣ መቼም፣ ለማንም ሽማግሌ አድርጎ ልኳቸው አያውቅም። በጎልማሳነታቸው ገና ናቸው ተባሉ፤ በሽምግልናቸው ደግሞ ቀልደኛ ናቸው ተባሉ። እሳቸው ግን ቅር መሰኘታቸውን ሳያሳዩ የመለሰን በር አንኳኩ።

"መለሰዬ፣ እህል አልበላም ብለሃል አሉ። ዓይንህን ጨፈን አድርጋት እስቲ።"

ጨፈነ። "የራሕሚም በር ፊት ቆመሃል፤ እግርህ ጸንቷል፤ ድምፅህ ወፍራም ነው" እያሉ በለስላሳው ይመሩት ጀመር። ከሥራ በቀጥታ የመጣ ሰው ነውና መለሰ በሩ ሳይከፈትለት እንቅልፍ ወሰደው። አያ ጌታው ማንኮራፋቱን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ፍርሃት ያለበት ሰው እንዲህ አያንኮራፋም፤ ግማሹ ሥራ አልቋል" አሉ።

ለቀረው ግማሽ ሌላ ዘዴ አመጡ። "ዓይን መጨፈኑ ላንተ አይሆንህም። አንተ የምታየው ነገር ያስፈልግሃል። እኔ ራሕሚም ልሁን" አሉ። የኤላይን ባርኔጣ ደፉ፣ የሹላሚትን መጥረጊያ ከዘራ አደረጉ፣ ሶፋው መሐል ተኮፈሱ። የዚያን ዕለት በሮቫ ቴት ቫቭ እንደ እሳቸው ያለ ክፉ ሰው አልነበረም።

"ማነህ አንተ?"

"መ... መለሰ ነኝ።"

"የትኛው መለሰ? አገሩ የሞላው መለሰ ነው! ጠጅ የጠማው መለሰ ነህ፣ ወይስ ወንበሬን ልትቀመጥበት የመጣኸው? ውጣ!"

መለሰ ወጣ። በሩ ከኋላው ተዘጋ። ሹላሚት ከሥራ ስትመለስ ባሏን የገዛ ቤቱ በር ላይ ተገትሮ አገኘችው።

"ምን ሆነህ ነው እዚህ የቆምከው?"

"አባረሩኝ።"

"ማን?"

"ራሕሚም።"

"የት ሆነው?"

"ሶፋችን ላይ።"

ሹላሚት በሩን ከፍታ ገባች፤ መጥረጊያዋን ብትጠይቅ "ሴትዮ፣ ከዘራዬን ልቀቂ!" ተባለች። ዳይ፣ በቃኝ፣ ብላ ወደ ጓዳ ሄደች።

ነገር ግን አንድ ነገር እየሆነ ነበር። መለሰ በየማታው ከሥራ ሲመለስ ይባረራል፤ ይሰደባል፤ ማልገዛው፣ አገጩ፣ አረማመዱ ሳይቀር ይነቀፋል። በመጀመሪያ ስሙን ብቻ ተናግሮ ይወጣ የነበረው ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ቻለ። ከዚያ ሲባረር ወጥቶ በራሱ መመለስ ጀመረ። አንድ ቀን ጭራሽ "ጋሼ ራሕሚም፣ አልወጣም። ልጄን ልድር ነው የመጣሁት፤ ጨርሼ እሄዳለሁ" አለ። አያ ጌታው ባርኔጣቸውን አወለቁና "ይቺን ድገማት" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ሁሉም ነገር ደህና ነበር፤ ሰባት ቤት እስኪደርሱ።

ይህ ሕዝብ ከአገር ቤት ይዞት ከመጣው ወግ አንዱ፣ ሁለት ልጆች ሳይጋቡ ዘር መቁጠር ነው። የወንዱ ወገን አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ እስከ ሰባት ቤት ይወጣል፤ የሴቷም ወገን እንዲሁ። በሰባቱ ውስጥ አንድ ሰው ከሁለቱም ወገን ከተገኘ ልጆቹ ወንድምና እህት ናቸው፤ ፍቅራቸው ያለቀለት ነው። አሽዶድ ቢወለዱም፣ ዕብራይስጥ ቢያወሩም፣ ከዚህ አያመልጡም። ስለዚህ አያ ጌታው ዓርብ ዕለት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ "ዛሬ እሱን እንለማመድ" አሉ። ሙቀት ስለነበረ የበረንዳው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

መለሰ የእውነቱን ቆጠረ። ሰጠኝ፣ ይግዛው፣ ፈንታ፣ እያለ ወጣ ወጣና ጓንጉል ላይ አቆመ። የራሕሚም ተራ ደረሰ። አያ ጌታው የራሕሚምን አያቶች ከየት ያውቃሉ? ይፈጥሩ ጀመር። አሳምረው ፈጠሩ፤ አንዱን ዳኛ፣ አንዱን ቀጥቃጭ፣ አንዱን ከአንበሳ የተናነቀ አደረጉት። እላይ ሲደርሱ ግን ስም አለቀባቸው። ሲያልቅባቸው ጆሯቸው ውስጥ የቀረውን ስም አወጡ።

"...የእሱ አባት ደግሞ ጓንጉል!"

ሁለቱም ደነገጡ። ሌላ ሰው ቢሆን "ተሳሳትኩ፣ እንደገና" ይል ነበር። አያ ጌታው ግን ራሕሚም ናቸው። መጥረጊያውን ወለሉ ላይ መቱና በወደቡ ጫጫታ በሠለጠነ ድምፃቸው ጮኹ፦ "ጓንጉል! ጓንጉል የአንተም የእኔም አያት! ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸው! ይህ ጋብቻ ፈርሷል!"

መለሰም ሚናው ውስጥ ገብቶ ነበርና፣ አምላክ ይቅር ይበለው፣ "ወየው ልጄን! ወየው ኤላይ!" ብሎ ራሱን ያዘ።

ከላይ ባለው በረንዳ እትዬ ብዙአለም ልብስ ያሰጡ ነበር። እትዬ ብዙአለም ሐቀኛ ሴት ናቸው፤ ያልተባለውን አይጨምሩም። የሰሙትን ግን አያሳድሩም። ስልካቸውን አነሡና ለአንዲት እህታቸው የድምፅ መልእክት ላኩ፤ እህትየው ለሌላ ላከች። የሰንበት ሻማ ሳይበራ ወሬው ገደራ ከተማ ደርሶ፣ ከገደራ ተመልሶ የአቶ ራሕሚም ጆሮ ገብቶ ነበር፦ መለሰ ዘር ቆጥሮ ዝምድና አግኝቷል፤ ጋብቻውን አፍርሷል፤ ለልጅቱ ወገን ግን አንድ ቃል አልላከም።

ኤላይ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። ያዕል ከሰንበት በፊት ደውላለት ነበር። አባቷ ተዋርጃለሁ ብለው ስልካቸውን ዘግተዋል፤ ሰንበት ሲወጣ ዘመዶቻቸው ቤታቸው ይሰበሰባሉ፤ በእነሱ ፊት "ቀርቷል" ካሉ በኋላ ያን ቃል የሚያነሣው የለም። ሽማግሌዎቹም ባለ ግርማ ጢማቸውን ይዘው ሸሹ። "እስኪጣራ እኛ በዘመድ ጋብቻ እጃችንን አናስገባም" ብለው ለሹላሚት ነገሯት።

"አባ" አለ ኤላይ፣ ቁጭ ብሎ። "አንድ ነገር ብቻ። እውነት ነው?"

"አይደለም ልጄ። ልምምድ ነበር።"

"ልምምድ?" ኤላይ ዞሮ አያ ጌታውን አየ። ባርኔጣውን አሁንም እንደደፉ ነበር። ቀስ ብለው አወለቁትና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።  ልጁ ቢቆጣቸው ይሻላቸው ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት መለሰ ጫማውን አሠረ። ዘመዶቹ ሳይሰበሰቡ መድረስ አለበት። አቶ ራሕሚም ሰንበት አክባሪ ስለሆኑ በመኪና መሄድ አይታሰብም፤ ቤታቸው ደግሞ ሩቅ ሰፈር፣ ሮቫ ጊሜል ነው። በእግሩ ሊሄድ በሩን ሲከፍት አያ ጌታው ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ቆመዋል።

"ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔው እናገራለሁ" አሉት።

መንገዱ ረጅም ነው፤ ፀሐዩም አልራራላቸውም። አያ ጌታው በየአውቶቡስ ማቆሚያው ወንበር ላይ ዐረፍ ይላሉ።

"ባለፈው እስከ ወደቡ ስሮጥ እንዲህ አልደከመኝም ነበር'ኮ።"

"ተቀምጠው ነው የሮጡት አያ ጌታው።"

"እሱስ ልክ ነህ" አሉና ተነሡ።

በሩን የከፈቱት አቶ ራሕሚም ራሳቸው ናቸው። መለሰ ደነገጠ፤ የደነገጠው ግን እንደፈራው አይደለም። ሰውየው አጭር ናቸው። ገና ከእንቅልፍ መነሣታቸው ነው፤ ትራሱ ጉንጫቸው ላይ መስመር አስምሮበታል።

"ሻባት ሻሎም። ማነህ ወንድሜ?" አሉ፣ በቀዘቀዘ ድምፅ።

አያ ጌታው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። "እ..." አሉ። ያ ሁሉ ምናብ፣ ያ ሁሉ ወንዝ፣ የት እንደገባ እንጃ። እውነተኛው ራሕሚም ፊት ቆመው አንዲት ቃል ጠፋቻቸው። 

መለሰ ስድቡን ጠበቀ። "የትኛው መለሰ?" የሚለውን ጠበቀ። ከዘራውን ጠበቀ። ምንም የለም። ይህ ሰው ከሶፋው ራሕሚም ጋር ሲተያይ የዋህ ነው! ሳምንቱን ሙሉ ከዚህ በከፋ ሰው ሲባረር የከረመው መለሰ እግሩ ጸንቶ ተሰማው። ራሱንም እስኪገርመው ድረስ አፉ ተከፈተ።

"መለሰ እባላለሁ፤ የኤላይ አባት ነኝ። ጋሼ ራሕሚም፣ እንደተቆጡ አውቃለሁ። ቢያባርሩኝም ወጥቼ ተመልሼ እገባለሁ እንጂ ሳልናገር አልሄድም። ጋብቻ አላፈረስኩም። ዘርም አልቆጠርኩብዎትም። አንቱን ስለፈራሁ ተለማመድኩ፤ የሆነው ይኸው ነው።" ከዚያም ሁሉንም፣ መጥረጊያውን ሳይቀር፣ ተናገረ።

አቶ ራሕሚም በሩን በሰፊው ከፈቱላቸው። አስገቧቸው፣ አስቀመጧቸው።

"እኔ እኮ" አሉ በመጨረሻ፣ "ይህን ዕድሜ ስኖር ጓንጉል የሚባል አያት እንዳለኝ የሰማሁት ትናንት ነው። ከገደራ ደውለው ነገሩኝ። ሌሊቱን ሙሉ ጓንጉል ማነው ስል አደርኩ።" ከዚያ ዓይናቸውን ወደ አያ ጌታው አዞሩ። "ለመሆኑ እንዴት ነው የሆኑኝ? እስቲ ያሳዩኝ።"

አያ ጌታው ወለሉን አዩ። ላብ በላብ ሆነዋል። መለሰ አዘነላቸው። ከዚያ በፊትም በኋላም አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ብድግ አለ፣ ደረቱን ነፋ፣ የራሕሚምን ጃንጥላ ከጥግ አነሣና በገዛ ቤታቸው ጮኸባቸው። "የትኛው መለሰ? አገሩ የሞላው መለሰ ነው! ውጣ!"

ከመኝታ ክፍል የአቶ ራሕሚም ሚስት ወይዘሮ ሾሻና ሻሽ እያሠሩ ሮጠው ወጡ። መለሰን አላዩትም፤ በቀጥታ ወደ ባላቸው ነው የሄዱት። "አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ እንኳ፣ በሰንበት፣ እንግዳ ታባርራለህ?"

አቶ ራሕሚም ሚስታቸውን አዩ፤ ጃንጥላውን አዩ፤ ሳቃቸው መጣ። መጀመሪያ ትከሻቸው ነበር የሳቀው። ኋላ እንባቸውን እየጠረጉ ሶፋው ላይ ተጋደሙ። ያዕል በበሩ ጥግ አፏን ይዛ ቆማ ነበር።

ሲበርድላቸው ግን ፊታቸው ከበድ አለ። "ሳቁ ሳቅ ነው። ቁጥሩ ግን ይቆጠር" አሉ። መለሰ እንደገና የእውነቱን ቆጠረ፤ ድምፁ አልተሰበረም። አቶ ራሕሚም በጣታቸው እየያዙ ወጡ። ሰባተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ አስታወሱ፤ ያዕል ትንፋሿን ዋጠች።

"ቸኮል" አሉ። "ከቸኮል ወዲያ አላውቅም። እሱም ሰባተኛ ነው። አንገናኝም።"

ያዕል ወደ ጓዳ ሮጠች፤ ስልኳን ለመክፈት ሰንበት እስኪወጣ እንዴት እንደምትታገሥ አምላክ ይወቅ።

"እንግዲህ" አሉ አቶ ራሕሚም፣ ወንበራቸውን አስተካክለው። "ድምፅህን ሰምቻለሁ፤ ወድጄዋለሁ። ዘመዶቼ ሲመጡ ግን በወጉ ይጠየቅልኝ። ሽማግሌህ ማነው? የሚናገርልህ ማነው?"

መለሰ ጢማቸው ያማረውን ሽማግሌዎች አሰበ። ከዚያ ከጎኑ ያሉትን ሰው አየ። ሸሚዛቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል፤ ጫማቸውን በስውር አውልቀው እግራቸውን እያሹ ነው። በየማታው የእሱን ፍርሃት ሲሰድቡለት የከረሙት፣ ማንም ሳይልካቸው በዚህ ፀሐይ እዚህ ድረስ የመጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። መለሰ እኚህን ሰው ይወዳቸዋል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አያውቀውም ነበር።

"የእኔ ሽማግሌ አያ ጌታው ናቸው" አለ።

አቶ ራሕሚም ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ የራሳቸውን ወንበር ለቀቁላቸው። አያ ጌታው በባዶ እግራቸው ሄደው ተቀመጡ።  ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እንደገና ጠረጉ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። "ሁሉን ነገር አስቤው ነበር፤ ይቺን ግን አላሰብኋትም።"

መለሰም ከጎናቸው ቆሞ፣ ሽማግሌው ቃላቸውን እስኪያገኙ ድረስ፣ ሳይቸኩል ጠበቃቸው።